ከቅጠል እስከ ክኒን፦ ጋምቤላ የምትጠብቀው ሳይንስ

እ.ኤ.አ. በ2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ጋምቤላን በአንድ አሳሳቢ ዜና ውስጥ አስገባት። ተመራማሪዎቹ በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች ከወባ ታማሚዎች የተወሰደ ደም መርምረው ነበር። ከናሙናዎቹ መካከል ስምንት በመቶ ያህሉ ጥገኛ ተሕዋሲው አርቴሚሲኒን በተባለው መድኃኒት ቶሎ እንዳይሞት የሚያደርግ የዘረመል ለውጥ ተገኘባቸው። በጋምቤላ የታየው ድርሻ ከሰሜኑ ያነሰ ነው፤ ግን አለ። በዚያው ጥናት ውስጥ በፈጣን መመርመሪያ የሚፈለገውን ፕሮቲን የማያመነጩ ተሕዋስያንም ተገኝተዋል።

ይህ በጤና ኬላ ደረጃ ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ጣት ወግታ አንዲት ጠብታ ደም በመመርመሪያው ላይ ታሳርፋለች፤ ፈሳሹን ጨምራ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ትጠብቃለች። ሁለት መስመር ከወጣ ወባ ነው፤ አንድ ብቻ ከወጣ እናትየው «ወባ የለበትም» ተብላ ትመለሳለች። ተሕዋሲው ያንን ፕሮቲን የማይሠራ ከሆነ ግን ሁለተኛው መስመር ላይወጣ ይችላል፤ ልጁም ወባውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መመርመሪያው ቢይዘው እንኳ የሚሰጠው ኮአርተም የተባለው የአርቴሚሲኒን መድኃኒት በደሙ ውስጥ ያለውን ተሕዋሲ እንደ ቀድሞው በፍጥነት ላያጠራው ይችላል። እስካሁን አብሮት ያለው ሉሜፋንትሪን የተባለው አጋር መድኃኒት ስለሚያግዘው አብዛኛው ታማሚ ይድናል። የምሥራቅ አፍሪካ አዝማሚያ ግን ጊዜ አይሰጥም። በጎረቤት ኤርትራ ይኸው ለውጥ በ2016 ከ8.6 በመቶ ተነሥቶ በ2019 21 በመቶ ደርሷል። በኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል።

አርቴሚሲኒን ከቅጠል የመጣ መድኃኒት ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ1967 በተጀመረ ምሥጢራዊ የመንግሥት ፕሮጀክት ውስጥ ስትሠራ፣ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የኖረው ሐኪም ጌ ሆንግ ትኩሳትን ለማከም ቅጠሉን በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅን እንደሚመክር አነበበች። ቅጠሉ አይፈላም፤ ይጨመቃል። እሷም ሙቀት ንጥረ ነገሩን እያበላሸው ይሆናል ብላ በመጠርጠር በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኢተር አወጣችው፤ በ1971ም በአይጦችና በዝንጀሮዎች ላይ የተሳካ ውጤት አገኘች። በታማሚዎች ላይ ከመሞከሩ በፊት እሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው ወሰዱት። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ኢትዮጵያም ክሎሮኪን ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዓይነት ሲሸነፍ ወደ ፋንሲዳር፣ ፋንሲዳር ሲሸነፍ በ2004 በአርቴሚሲኒን ላይ ወደተመሠረተው ኮአርተም ዞረች። አሁን የመጨረሻው ምሽግም መሰንጠቅ ጀምሯል። አዲስ ንጥረ ነገር መፈለግ ያስፈልጋል፤ ፍለጋው ደግሞ እንደገና ወደ ተክል ይመልሰናል።

እዚህ ላይ በሀገራችን ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፦ «ጥንታዊ ዕውቀት አለን፣ ተክሉም አለን፣ የጎደለን ተመራማሪ ነው።» አልስማማም። ተመራማሪ አልጎደለንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ የሬትንና የዕጣንን ኬሚስትሪ አጥንተዋል፣ ቤተ ሙከራም አቋቁመዋል። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ ከአዲስ አበባ እስከ ቦትስዋና በአፍሪካ ተክሎች ኬሚስትሪ ላይ ትውልድ አሠልጥነዋል። በፋርማሲ ትምህርት ቤቶቻችን መደርደሪያ ላይ ደግሞ እጅግ ብዙ የማስተርስ ጥናት አለ። አብዛኛው መንገዱ ይመሳሰላል፦ ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በ80 በመቶ ሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ ጭማቂው የአይጥ ወባ ለያዛቸው አይጦች ለአራት ቀን ይሰጣል፣ በደማቸው ያለው ተሕዋሲ ይቆጠራል፣ «የተወሰነ ውጤት አሳይቷል፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ተብሎ ይደመደማል። ተጨማሪው ጥናት አይመጣም። ንጹሑን ንጥረ ነገር ለይቶ ማውጣት፣ መርዛማነቱን መመዘን፣ በየምርቱ አንድ ዓይነት ጥራት ማስጠበቅ፣ ፋብሪካ ማግኘት፣ ፈቃድ ማስወጣት፤ ይህ ሁሉ ከምርቃት በኋላ የሚጀምር ሥራ ነው፣ በጀትም የለውም። የሚጎድለን ከግኝቱ ማግሥት የሚሠራው ነው።

ለዚህ ከዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ የበለጠ ማስረጃ የለም፤ ስለዚህ እሳቸው ጋ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አክሊሉ በ1935 ጅጅጋ ተወለዱ፤ በአሜሪካ ተምረው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ። በ1964 በዓድዋ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥናት በወንዝ ዳር ሲዘዋወሩ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን አዩ። ሴቶቹ ሳሙና አልያዙም፤ የእንዶድ ፍሬ ፈጭተው በአረፋው ያጥባሉ። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል፤ በላይ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። አክሊሉ ከላይኛው ክፍል ሕያው ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው በዕቃ አደረጉ፤ ከአንዲት ሴት የእንዶድ አረፋ ተቀብለው ጨመሩበት። ቀንድ አውጣዎቹ ወዲያው ሞቱ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቀንድ አውጣው የበሽታው መሸጋገሪያ ነው። የበሽታው ትል በውሃ ውስጥ በቀንድ አውጣው ሰውነት ተባዝቶ ይወጣና በሚዋኝ ልጅ ቆዳ በኩል ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሞተ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። እንዶድ የሚገድለው ሳፖኒን በሚባሉ ንጥረ ነገሮቹ አማካይነት ነው፤ ሕዋሳትን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ያፈርሳሉ። ፍሬው ሲፈጭና ውሃ ሲነካው ራሱ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ደካማውን ሳፖኒን ወደ ኃይለኛው ይለውጠዋል። ስለዚህ ውድ ማውጫ ፈሳሽ አያስፈልግም፤ ወፍጮና ውሃ ይበቃል። ድሃ አገር በራሱ አቅም ሊሠራው የሚችል መድኃኒት ከዚህ የተሻለ ይገኛል ብዬ አላምንም።

አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ብዙ የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳድረው «44 ቁጥር» የተባለውን ምርጥ ዝርያ ለዩ። በዓድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ ወንዙ በእንዶድ ሲታከም፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል የነበረው የቢልሃርዝያ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ውስጥ ዋናው ንጥረ ነገር ተለይቶ ለእሳቸው መታሰቢያ «ለማቶክሲን» ተባለ። ከዚያ በኋላ ግን ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በሚጠይቁት መስፈርት የተሠራ የመርዛማነት ጥናት ካልቀረበ አንደግፍም አሉ፤ ለዚያ የሚሆን ቤተ ሙከራና ገንዘብ በኢትዮጵያ አልነበረም። ጥናቱ በካናዳ የምርምር ድርጅት ድጋፍ እስኪሠራ ከግኝቱ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ገበያ ገባ፤ የለጋሾች ትኩረትም ወደዚያ ሄደ። በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን አማራጭ ኖቤል ተብሎ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ባለ ዛጎል ተባይ እንደሚገድል አሳይቶ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። የዓድዋ ሴቶች ያወቁትን ነገር በሳይንስ ያረጋገጠው ሰው ኢትዮጵያዊ ነበር፤ ምርቱን በሀገር ደረጃ የሚያወጣ አካል ግን አልነበረም።

አንድ ሌላ ምሳሌ በአጭሩ ልጨምር፤ ብዙ አንባቢ የሚያውቀው አይመስለኝም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የካንሰር ተቋም ከዓለም ዙሪያ ተክል ሲያሰባስብ ከኢትዮጵያ የተወሰደ አንድ የአጣጥ ወገን ተክል ነበር። ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ ኬሚስት ቡድኑን ይዞ በ1972 ከሱ ማይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጣ፤ ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የሚገኘው ከአንድ ሚሊግራም እጅግ ያነሰ ነበር። ለብቻው ሲሰጥ ለሰው እጅግ መርዛማ ሆነና ሙከራው ቆመ። በኋላ ከሱ የተሠራ ውህድ የካንሰርን ሕዋስ መርጦ ከሚይዝ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ «ካድሲላ» የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት ሆነ፤ በየካቲት 2013 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ተክሉ ከተወሰደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ማለት ነው። የተወሰደበት ጊዜ የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ከመፈረሙ ሠላሳ ዓመት በፊት ስለነበር፣ ጥቅም ይጋሩ የሚል ሕግም አልነበረም። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ተበደለች ብሎ መቆጨት ብቻ አይጠቅመንም። ትምህርቱ አንድ ንጥረ ነገር መርዛማ ሆኖ ከተጣለ በኋላ እንኳ አርባ ዓመት በትዕግሥት የሚያቆየው ተቋም መኖሩ ነው። ዋጊኖስ የተባለው ተክልም ተመሳሳይ ዕጣ ነበረው፤ ከሱ የወጣው ብሩሲያንቲን የተባለ ንጥረ ነገር እስከ ሰው ሙከራ ደርሶ በቂ ጥቅም ሳያሳይ ቀርቷል። ይህም ሳይንስ ነው። ውጤት የሌለውን ማወቅ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ ያንን የሚከፍል ሳይኖር ግን የሚሠራውን ማግኘት አይቻልም።

አሁን ወደ ጋምቤላ። የክልሉ ዋና ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር በ526 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሙቀትና ውሃ የሞላባት ምድር ናት። የሀገራችን ትኩረት የማያገኙ በሽታዎች በብዛት የሚገናኙት እዚህ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በጊሎ ወንዝ አካባቢ የእንቅልፍ በሽታ ተከስቶ ነበር። የጊኒ ዎርም የተባለው የትል በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሳይጠፋ የቆየው በጋምቤላ ነው፤ በ2020 በሀገሪቱ የተመዘገቡት 11 ሰዎች ሁሉ የዚሁ ክልል ነበሩ። ወባው ከላይ እንደተባለው ነው። በአቦቦ ወረዳ ደግሞ በ2015 የታተመ ጥናት የአቦቦ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ሽንት መርምሮ ከሲሶ የሚበልጡት በሽንት ቧንቧ ቢልሃርዝያ መያዛቸውን አገኘ። አቦቦ የአልዌሮ ግድብ ያለበት ነው። ከጥናቱ አዘጋጆች መካከል በአክሊሉ ለማ ስም ከሚጠራው ኢንስቲትዩት የመጣ ተመራማሪ ነበር። ከዓድዋ እስከ አቦቦ ሃምሳ ዓመት ሆኖ ቀንድ አውጣው አሁንም ልጆች ከሚዋኙበት ውሃ አልወጣም።

ለእነዚህ ልጆች በየጊዜው ፕራዚኳንቴል ይታደላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በነጻ የሚሰጥም ነው። ክኒኑ ግን በሰውነት ያለውን ጎልማሳ ትል ይገድላል እንጂ ዳግም መያዝን አይከለክልም። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ያው ውሃ ውስጥ ይገባል። ለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መመሪያው ከክኒኑ ጎን ቀንድ አውጣን መቆጣጠርን የመከረው። ችግሩ ለዚያ በዓለም ደረጃ የሚመከረው ኬሚካል ኒክሎሳማይድ ብቻ መሆኑና ከውጭ በውጭ ምንዛሪ መገዛቱ ነው።

እንዶድ እዚህ ሊያገለግል ይችላል፤ ግን አንድ እንቅፋት አለ። እንዶድ የወይና ደጋና የደጋ ተክል ነው፤ በባሮ ሜዳ አይበቅልም። ከደጋ ፍሬ አምጥቶ መሸጥ ይቻላል፤ ዋጋውና መጓጓዣው ግን ሌላ ጥገኝነት ነው። የጋምቤላ ቆላ የራሱ ዛፍ አለው፦ በደኖ። በቆላው ሜዳ ላይ በየቦታው የሚገኘውን የዚህን እሾኻም ዛፍ ፍሬ ሰውም ከብትም ይበላዋል፤ ለክልሉ የኑዌር ሕዝብ በደረቅ ወቅት የሚረዳ ምግብ ነው። በ1933 በሱዳን ይሠራ የነበረው አርቺባልድ የተባለ ሐኪም የበደኖ ፍሬ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በሕክምና መጽሔት ጽፎ ነበር። የሚገድለውም እንደ እንዶድ በሳፖኒን ነው። ፍሬው የጊኒ ዎርምን የሚያስተላልፉትን ደቃቅ የውሃ ነፍሳትም እንደሚገድል በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። በክልሉ ዛሬ ኩሬዎች ቴሜፎስ በተባለው ኬሚካል የሚታከሙት እነዚሁን ነፍሳት ለመግደል ነው። እንግዲህ ሁለቱን የጋምቤላ በሽታዎች የሚነካ፣ በጋምቤላ የሚበቅል፣ ከዘጠና ዓመት በፊት ሳይንሳዊ ፍንጭ የተሰጠበት አንድ ዛፍ አለን።

በዚህ ላይ መፍጠን አደጋ አለው፤ ሳልናገረው ማለፍ አልችልም። ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል። የአኙዋክ ሕዝብ የሚኖረው በወንዝ ነው፤ ባሮ፣ ጊሎ፣ አልዌሮና አኮቦ ለእሱ ምግቡ ናቸው። ለቀንድ አውጣ የሚበቃው መጠን ለዓሣ ስንት ቀን አደገኛ ሆኖ እንደሚቆይ በአካባቢው ውሃ፣ በአካባቢው ሙቀት ሳይለካ በፍጹም ወደ ወንዝ መግባት የለበትም። መጀመሪያ የሚመጡት ልጆች የሚዋኙባቸው ዓሣ የሌለባቸው ኩሬዎችና የመስኖ ቦዮች ናቸው። ይህን ነው የመርዛማነት ጥናት የምንለው፤ አክሊሉን ሃያ ዓመት ያስጠበቃቸው ይኸው ነበር፤ ዛሬ ግን መሣሪያውም ባለሙያውም በሀገር አለ።

ሌላው አደጋ የቅጠል ሻይ ነው። የአርቴሚሲኒን ምንጭ የሆነው ተክል አርቴሚሲያ የወባ መድኃኒት እንደሆነ የሰሙ ሰዎች ቅጠሉን ቀቅለው መጠጣት ይቀናቸዋል። በደጋችን የሚበቅሉት አሪቲና ጭቁኝ የተባሉት የአርቴሚሲያ ወገኖች ደግሞ የዚህን መድኃኒት ንጥረ ነገር በሚጠቅም መጠን የያዙ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን ለወባ አይደግፍም፤ ምክንያቱም በሻዩ ውስጥ ያለው መጠን አነስተኛና የማይገመት ነው። ተሕዋሲውን ሳይገድል የሚያባብል መጠን የመድኃኒት ቻይነትን ሊያፋጥን ይችላል፤ ከላይ የተነገረው ለውጥ ጋምቤላ ባለበት ጊዜ ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የዕውቀቱ ባለቤቶችስ? በአኙዋክ፣ በኑዌርና በማጃንግ ሽማግሌዎች ዘንድ ያለው የመድኃኒት ዕውቀት በጽሑፍ የሠፈረው ጥቂት ነው። የማጃንግ ደን በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር መጠበቂያ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በደኑ ውስጥ ያለውን ተክል የሚያውቀው ግን አዛውንቱ ነው። ዕውቀቱ የሚተላለፈው በቃል ነው፤ ብዙ ጊዜም በምሥጢር፣ ለተመረጠ አንድ ልጅ። ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በሚኖሩበት ክልል ሌላም ሰንሰለት ተበጥሷል፤ ወጣቱ ከትውልድ ቀዬው ሲለይ ተክሉ የሚበቅልበትን ቦታም ይዘነጋል። ዕውቀቱን ለመሰብሰብ ሕግ አለ። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚፈልግ ተመራማሪ ቅድሚያ ፈቃድ እንዲያገኝና ጥቅሙን እንዲያካፍል ያስገድዳል። ሕጉ የቆመበት ምክንያት በጤፍ ጉዳይ ታይቷል፤ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር በ2005 የተፈረመው ስምምነት ፍሬ አላፈራም፤ ኩባንያው ያስመዘገበው የፈጠራ መብት በፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው ገና በ2018 ነበር። ለጋምቤላ ሽማግሌ ግን አዋጁ ማለት ምን እንደሆነ በቋንቋው የሚያስረዳው ሰው ያስፈልገዋል። ሽማግሌው ዕውቀቱን የሚሰጠው ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ በምን ስምምነት እንደሚነጋገር ሲያውቅ ነው።

ለእኔ ትልቁ ስህተት ምርምራችን ሁሉ በአዲስ አበባና በደጋ ዩኒቨርሲቲዎች ዙሪያ መከማቸቱ ነው። በሽታው ቆላ ነው ያለው፤ በደኖው ቆላ ነው ያለው፤ ቤተ ሙከራው ደጋ ነው። የጋምቤላ ናሙና በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ይሄዳል፤ ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ይወጣል፤ በአቦቦ ግን የጥናቱን ውጤት የሚሰማው ሰው ካለም ጥቂት ነው። በ2023 የተነገረው የመድኃኒት ቻይነት ዜና እንኳ የጤና ኬላ ሠራተኛዋን ሥራ የሚነካ ሆኖ ሳለ ዋናው መድረኩ የውጭ መጽሔት ነበር።

ስለዚህ ጥሪዬ የሚከተለው ነው። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ፣ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና የክልሉ ጤና ቢሮ በአንድ ስምምነት ተቀምጠው የበደኖን ፍሬ በአቦቦ ኩሬዎች ላይ በተለካ መጠን የሚፈትሽ ጥናት ይጀምሩ፤ ከቀንድ አውጣው ጋር ዓሣውንም ይቁጠሩ። የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከአኙዋክ፣ ከኑዌርና ከማጃንግ አዛውንቶች ጋር ዕውቀታቸው የሚመዘገብበትን ውል በየቋንቋቸው አዘጋጅቶ ይፈራረም። ለምርምር የሚመደበው ገንዘብ ደግሞ ከአይጥ ሙከራ በኋላ ላለው ሥራ፣ ለመርዛማነትና ለጥራት ጥናት፣ የራሱ ድርሻ ይኑረው። ይህን ሁሉ ለማድረግ አዲስ ግኝት አያስፈልግም፤ ፍንጩ በ1933፣ ማስረጃው በ1974 ተሰጥቶናል። የአቦቦ ተማሪዎች ግን ዛሬም ወደ ውሃው ይወርዳሉ።